“ፈረንጅ ቢሆኑ ሁሉም ይጠነቀቅላቸው ነበር”

ከጅዳ ይዣቸው የመጣኋቸውን ልጆች በመርሳ ቆላ ሳሳድግ

በዚህ ዓምድ ስለ ልጅ አስተዳደግ ብዙ ተጽፏል። ስለ ጡት ማጥባት፣ ስለ ጥርስ አወጣጥ፣ ስለ ጉርምስና… ሁሉንም አነባለሁ። እንደኔ ዓይነቱ ቤት ሲነሳ ግን አላየሁም። ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ተወልጄ ያደግሁት ሰሜን ወሎ፣ ሐብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ ከተማ ራቅ ብሎ ካለ ቀበሌ ነው። ልጆቼ ግን የተወለዱት ጅዳ ነው። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. እዚህ ስንገባ ወንዱ የ7፣ ሴቷ የ4 ዓመት ልጆች ነበሩ። አገሩ የእኔ ነው፤ ለእነሱ ግን የሰው አገር ነበር። እናት አገሯ ገብታ ልጆቿ ስደተኛ ሲሆኑ አስቡት!

የዚያን ዓመት ነገር የማያስታውስ የለም። የሳዑዲ መንግሥት የሰጠው የምሕረት ጊዜ በጥቅምት 2006 አለቀና አፈሳው ተጀመረ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ የሚበልጥ ኢትዮጵያዊ ተጭኖ ተመለሰ። ሐብሩ ውስጥ አንድ እንኳ ሰው አረብ አገር ያልሄደበት ቤት ብትፈልጉ ብዙ ትደክማላችሁ፤ ስለዚህ እኛም ከብዙዎቹ አንዶቹ ነበርን። ስለ ተመላሽ ሲወራ ግን የሚወራው ስለ ትልቁ ሰው ነው። ደመወዙ ተበላ፣ ዕቃው ቀረ፣ ሥራ አጣ ይባላል። እጁን ይዛ ስለምትመጣው ሕፃን ማን ይጠይቃል? “አገሯ ገባች” ይባላል፣ በቃ።

ከጊዜ በኋላ የባቡር ሐዲዱ ሥራ ወደኛ ሲመጣ አንድ ነገር ታዘብኩ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰውን መስመር ቱርኮች፣ ከዚያ ወደ መቀሌ የሚሄደውን ደግሞ ቻይናዎች ይዘውት ነበር። ሰዉ ፈረንጁን ሲያይ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። “ይህን ውሃ አትስጡት፣ ሆዱ አይችልም”፣ “ፀሐይ ላይ አታቁሙት”፣ “በርበሬ ይቀነስለት”። ትልቁን ሰውዬ እንዲህ ይጠነቀቁለታል! የ4 ዓመቷን ልጄን ግን የወንዝ ውሃ በቅል ቀድተው ሰጧት። ክፋት አይደለም። ፊቷ የእኛው ፊት ነዋ! ጠይም፣ ጠጉሯ ተጎንጉኖ፣ ስሟ የሠፈሩ ስም። እንግዳነቷ የት ላይ ይታይ? እንደኔ እንደኔ የዚህ ሁሉ ችግር ሥሩ እዚህ ጋ ነው። እንግዳ የማይመስል እንግዳ ማንም አያስተናግደውም።

መጀመሪያ የገጠመን የቋንቋ ነገር ነው። ጅዳ ሳለን አማርኛ አወራቸዋለሁ፣ ይሰማሉ፣ የሚመልሱልኝ ግን በአረብኛ ነው። የደረስን ዕለት ከአዲስ አበባ በደሴ አድርገን ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ስንንገላታ ውለን ቤቱ በሰው ሞልቶ ጠበቀን። ልጅቷ ጠምቷታል። “ሞያ! ሞያ!” እያለች ታለቅሳለች። በጅዳ አረብኛ ሞያ ማለት ውሃ ነው። እናቴ ይህን ምን ታውቅ? “ውይ አላህ ይጠብቅሽ! በ4 ዓመቷ ሞያ ሞያ ትላለች፤ ይቺስ የባል ቤት አይከብዳት” ብላ ሳቀች። ሴቶቹ ሁሉ ተከትለው ሳቁ። ልጄ ግን ውሃ ለምና የተሳቀባት መሰላት። ዝም አለች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ሰው ፊት ምንም ነገር አትጠይቅም። ሲጠማት መጥታ በጆሮዬ ታንሾካሹካለች።

ወንዱ ደግሞ የተጣላው ከ“አብሽር” ጋር ነው። ወሎን የምታውቁ አብሽር ማለት አይዞህ መሆኑን ታውቃላችሁ። ቃሉ ከአረብኛ የመጣ ነው። ሳዑዲ ውስጥ ግን አንድ ነገር ጠይቀህ “አብሽር” ከተባልክ “እሺ፣ ይደረግልሃል” ማለት ነው። ልጁ ብስክሌት ጠየቀ። እናቴ “አብሽር ልጄ” አለችው። ሁለት ሳምንት ሙሉ በር በሩን ሲያይ ሰነበተላችሁ! በመጨረሻ “አያቴ ውሸታም ናት” ብሎ ደመደመ።

አንቱታውስ? አረብኛው ለሕፃኑም ለሽማግሌውም “አንተ” ነው። የሠፈራችን ሼህ እንኳን በሰላም ገባችሁ ሊሉን ሲመጡ ልጄ ብድግ ብሎ ወንበር ሳበላቸውና “አንተ ና፣ እዚህ ተቀመጥ” አላቸው፤ በትልቅ ትሕትና! ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሼሁ ግን አስተዋይ ናቸው። “ወንበሩን ሰጥቶኛል፤ ቃሉን ሲያድግ ይሰጠኛል” ብለው ተቀመጡ። አላህ ዕድሜ ይስጣቸው፤ ሌላው ሁሉ ልጁን ሲቆጣ እሳቸው አንድ ቀን ክፉ ቃል አልተናገሩትም።

ብዙ ተመላሽ እናቶች “አረብኛ እንዳልሰማ!” ይላሉ። እኔ አልከለከልኩም። ይልቁንስ ነገሩን ገለበጥኩትና አረብኛውን ለእናቴ አስተማርኳት። በየቡናው ላይ አንድ አንድ ቃል። ሞያ ውሃ ነው፣ ሐማም ሽንት ቤት ነው፣ ጁዓን ርቦኛል ነው፣ ኸላስ በቃኝ ነው። ፊደል ያልቆጠረች ሴት በበረካው ላይ ሁሉንም ስትደግመው ብትሰሟት! በቀን ሁለት ሦስት ቃል ነበር፤ ወር ሳይሞላ ልጅቷ ከአያቷ ጉያ አልወጣ አለች። አማርኛውንም የያዘችው እዚያው ጉያ ውስጥ ነው። ሕፃን ልጅ የሚማረው ከሚገባው ሰው ነው፣ ሌላ ዘዴ የለውም።

ስለ ምግብ ብዙም አላስረዝምም። ልጆቼ የሚያውቁት ሩዝ በዶሮና ኹብዝ ነው። እዚህ የሚጠብቃቸው የማሽላ እንጀራ ነው፣ ያውም በቀይ ወጥ። በመጀመሪያው ሳምንት እንጀራውን “ስፖንጅ” እያሉ ሸሹት። ሩዝ በየሱቁ አለ፤ ግን ሁልጊዜ ሩዝ ከየት ይመጣል? መሐል መንገድ የሆነልን ቂንጬ ነው። ፍሬው ሩዝ ይመስላል፣ ቅቤ ጣል ሲደረግበት ደግሞ ያታልላል። ከቂንጬ ወደ አልጫ፣ ከአልጫ ወደ ሽሮ፣ እንዲህ እያልን ወጣነው። በርበሬው ዓመት ፈጀ። ወንዱን ጨርሶ የአገር ልጅ ያደረገው ግን ጥንቅሽ ነው! ጥርሱ እስኪደማ ሲልጥና ሲመጥ አይቼው “አሁን ሐብሩ ገባህ” አልኩት።

ሙቀቱን በተመለከተ ዘመዶቼ “አረብ አገር ለምደውት የለ እንዴ!” ይላሉ። እውነት ነው፣ ጅዳ ከመርሳ ይሞቃል። ግን እዚያ ልጅ የሚውለው ኤሲ ባለበት ክፍል ነው፤ ሙቀቱን በመስኮት ነው የሚያየው። እዚህ በሚያዝያና ግንቦት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ቀትር ላይ መግባት ምጣድ ውስጥ እንደ መግባት ነው። ልጆቹ አንገታቸውና ጀርባቸው ላይ ሽፍታ አወጣባቸው። እኔ ያደረግሁት ቀላል ነገር ነው። የማዳበሪያ ከረጢት ቀድጄ ሰፋሁና ኮርኒስ አስመታሁበት፤ በቆርቆሮውና በከረጢቱ መሐል ያለው አየር ብዙ ያቀዘቅዛል። ከ6 እስከ 9 ሰዓት ከማንጎው ጥላ አይወጡም። ማታ ከመተኛታቸው በፊት ገላቸውን በቀዝቃዛ ውሃ አለቀልቃቸዋለሁ፣ ቅባት አልቀባም። ናይለን ልብሱን ሁሉ ሰጥቼ ጥጥ አለበስኳቸው። ሽፍታው ጠፋ።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር ልግባ። ወባ!

መርሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት። በአገራችን ወባ በብዛት የምትገኘው ደግሞ ከ2,000 ሜትር በታች ነው። ወልድያ ከዚያ ትንሽ ከፍ ትላለች፤ በመሐላችን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም እኛ ጋ ልጅ ሲያተኩሰው የሚታሰበውና እነሱ ጋ የሚታሰበው አንድ አይደለም። ዋናው ወቅት ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ነው፤ ከበልጉ ዝናብ በኋላ ደግሞ ትንሹ ወቅት ይመጣል። ልብ በሉ፣ ዋናው የጥንቅሽ ጊዜ ነው! ልጅ ማታ ማታ ከማሳ የማይወጣበት፣ ትንኟም የምትወጣበት ሰዓት።

ሌላው ማወቅ የሚገባን ነገር አለ። ቆላ ተወልዶ፣ በልጅነቱ እየታመመ እየዳነ ያደገ ሰው ሰውነቱ በሽታውን በመጠኑ ይለምደዋል። ጨርሶ አይከላከልለትም፤ ግን እንደ ሌላው ቶሎ አይጥለውም። ወባ ከሌለበት የመጣ ልጅ ይህ ልማድ የለውም። ትልቅ ሰውም ቢሆን ብዙ ዓመት ርቆ ከቆየ የነበረውን ያጣዋል። ስለዚህ “የኛ ልጆች ታመው ተነሱ፣ የአንቺም ይነሳሉ” የሚለውን የጎረቤት ማጽናኛ እንዳለ መቀበል አይቻልም። ልጆቼ የጎረቤት ልጆች አይደሉም። በዚህ ጉዳይ ፈረንጅ ናቸው።

በጥቅምት 2007፣ ሐሙስ ማታ፣ ልጅቷ እራት አልበላም አለች። ገላዋ ይፋጃል። እናቴ “ምች ነው” አለችና ዳማ ከሴ ልትቀጥፍ ወጣች። የወንድሜ ሚስት “ዓይን ነው፣ ትናንት ገበያ ይዘሻት ወጥተሽ” አለች። ከእናቴ ጋር አልተከራከርኩም። ዳማ ከሴውን ጨምቃ ግንባሯን ቀባቻት፤ እኔም እርጥብ ጨርቅ ደረቷ ላይ እያደረግሁ፣ ውሃ በማንኪያ እየሰጠሁ አነጋሁ። ሌሊት ላይ በትኩሳቱ መሐል “ሞያ… ሞያ…” ትላለች። አማርኛውን ለምዳ “ውሃ” ማለት ከጀመረች ስድስት ወር አልፏት ነበር። ያ ቃል ተመልሶ ሲመጣ ልቤ ምን እንዳለ እኔ ነኝ የማውቀው። ውሃውን ይዛ እየተንቀጠቀጠች የሮጠችው ደግሞ እናቴ ናት። ቃሉን አሁን ታውቀዋለች።

ሲነጋ በባጃጅ ወደ ጤና ተቋም ከነፍን። ጣቷን ወግተው ደሟን አዩት፤ ፋልሲፓረም የሚባለው፣ ኃይለኛው ዓይነት ነው። ኮአርተም ሰጡን። እዚህ ላይ እናቶች ጆሯችሁን ስጡኝ። ይህ መድኃኒት በሦስት ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ የሚወሰድ ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ስምንት ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ ጠዋትና ማታ። ወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ካልሆነ በደንብ አይሠራም። ልጅቷ የመጀመሪያውን ከዋጠች ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አስመለሰችው። ባለሙያዋ “በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት ያንኑ ድገሚና ለተጨማሪው ተመልሰሽ ነይ” ብላኝ ስለነበር ደገምኩላት፤ ወንድሜም ሄዶ ጎዶሎውን አስሞላ። ወተቱን ለሦስቱም ቀን ያመጡልን ጎረቤታችን ናቸው። ክርስቲያን ናቸው፣ ያለቻቸውም አንዲት ላም ናት። ለራሳቸው ቡና እንኳን ሳያስቀሩ ጠዋትም ማታም በጣሳ ይዘው ይመጣሉ። ባሌ ከጅዳ ገንዘብ ልላክላቸው ቢል በእኔ ላይ አኮረፉ።

በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ተነስታ መጫወት ጀመረች። ይኼኔ ነው አደጋው! “ድናለች፣ የቀረውን ለሌላ ቀን አስቀምጪው” የሚል ምክር ከየአቅጣጫው መጣ። ክኒን ወርቅ አይደለም፣ አይቀመጥም። የተረፈ መድኃኒት ማለት ያልሞተ በሽታ ማለት ነው። ሌላም ምክንያት አለ። ከወር በኋላ ወንዱ ሲታመም የእሱ ቫይቫክስ የሚባለው ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱም ሌላ ነው። ይህኛው ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ብቅ የሚል ስለሆነ ከደም ምርመራ ውጭ በግምት አይታከምም። የእኅቱን ትራፊ ብሰጠው ኖሮ ከሥሩ አይነቀልለትም ነበር። ልጅ ትኩሳት ይዞት ከነዘረ፣ ካንቀላፋና አልነቃ ካለ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም መዳፉ ከነጣ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ንጋት አይጠበቅም፤ በቃሬዛም ቢሆን መውሰድ ነው።

አጎበሩስ? ልጆቹ መጀመሪያ ፈሩት። ነጭ ነገር ከላይ ተንጠልጥሎ ሲያዩ “ከፈን ነው” ብለው ጮኹ። “ኸይማ ነው” አልኳቸው። በአረብኛ ድንኳን ማለት ነው። ሳዑዲ ሳለን ሰዎች በረሃ ወጥተው በድንኳን ሲዝናኑ በቴሌቪዥን ያዩ ስለነበር ሁለቱም ዘለው ገቡ! ከዚያ ወዲያ አጎበር ሳይዘረጋ አይተኙም። በሠፈራችን ግን አጎበሩን ጭድ የሚያስሩበት፣ እህል የሚሸፍኑበት ሞልቷል። እንደው ምን ይባላል! ከከተማ የምታነቡኝም “ወባ የገጠር ነው” አትበሉ። የተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ውስጥ፣ በየሮቶውና በየበርሜሉ የምትራባ ሌላ የወባ ትንኝ አገራችን ውስጥ መገኘቷ በ2016 እ.ኤ.አ. ታውቋል፤ በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋን ያመሳት ወረርሽኝ ከእሷ ጋር የተያያዘ ነው። መነሻዋ እስያና የአረብ ምድር ነው ይላሉ። እሷም እንደኛ ተመላሽ መሆኗ ነው እንግዲህ! የውሃ ዕቃችሁን ክደኑ።

ትምህርት ቤቱ የራሱ ታሪክ አለው። ወንዱ ልጄ አንደኛ ክፍል ሲገባ ደብተሩን ከኋላ ከፍቶ ከቀኝ ወደ ግራ ፊደል መጻፍ ጀመረ። አረብኛ እንደዚያ ነዋ የሚጻፈው! ክፍሉ ሳቀበት፤ መምህሩም “ይህ ልጅ ግራ ገብቶታል” ብለው ወደ ኋላ ወንበር ወሰዱት። ስሙም “አረቡ” ሆነ። ልጁ ሆዴን አመመኝ ማለት አበዛ። ልብ ብዬ ሳየው ሆዱ የሚያመው ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻ ነው። ያዳነን የጎረቤታችን ልጅ ናት፣ ያን ጊዜ ስድስተኛ ክፍል የነበረችው። በየቀኑ ከትምህርት ስትመለስ ማንጎው ሥር አስቀምጣ ታስጠናዋለች፤ ክፍያዋ ቅዳሜ ቅዳሜ የምሠራው የአረብ ሩዝ ነው። ሀሁን በሁለት ወር ጨረሰ። አንድ ነገር አስተዋለችልኝ፤ ደብተሩ ላይ በየገጹ በግራ በኩል ትንሽ ኮከብ ትስልለት ነበር፣ ጽሑፉ ከኮከቡ እንዲነሳ። መምህርነት ተፈጥሮ ነው መቼም!

ከጎረቤት ጋር ስለ መኖር ካነሳሁ አይቀር፣ በኛ አገር ልጅ የሁሉም ነው። ያየ ይቆጣል፣ ያየ ይቀጣል። ልጄ የሰው እሸት ነካ ተብሎ አንድ አዛውንት በአለንጋ ሾጥ ሲያደርጉት “ፖሊስ ጥሩልኝ!” ብሎ በአረብኛ ጮኸ። ሳቅ ሆነ። እኔ ግን በማግስቱ ቡና አፈላሁና ሠፈሩን ሁሉ ጠራሁ። አዛውንቱንም ጭምር። “እነዚህ ልጆች የናንተ ናቸው፣ ግን ገና እንግዶች ናቸው። እንግዳ ሲያጠፋ ይነገረዋል እንጂ አይመታም። አንድ ዓመት ስጡኝ” አልኳቸው። ሽማግሌው “እንዲህ ብለሽ መጀመሪያ ብትነግሪንማ!” አሉ። ከዚያ በኋላ ልጆቼ ሲያጠፉ ወደኔ ይዘዋቸው ይመጡ ጀመር። የወሎ ሰው እንግዳ መሆንህን ከነገርከው አልጋውን ይለቅልሃል።

ያልተቀበልኩትም አለ። “እንጥሏ ይቆረጥ፣ ለዚህ ነው የምታስለው” ሲሉኝ እንቢ አልኩ። ስለ ሴት ልጅ ግርዛት ሹክ ያሉኝንም “የወንጀል ሕጉ ያስቀጣል፤ ሕጉ ባይኖርም ልጄን አላስነካም” ብዬ ዘጋሁት። ለዚህ ቡና አላፈላሁም። አንዳንዱ ነገር በቡና የሚፈታ አይደለም።

ባለቤቴ ጅዳ ቀርቶ ነበር። በስልክ አባት የመሆን ነገር… ልጆቹ በየዓርቡ ስልክ ላይ ይሰለፋሉ። መጀመሪያ ላይ በአረብኛ ያወሩታል፤ በሁለተኛው ዓመት ግማሽ በግማሽ ሆነ፤ በሦስተኛው “አባ፣ ምን ማለትህ ነው?” ይሉት ጀመር። በመጋቢት 2009 ሌላ የ90 ቀን ምሕረት ሲታወጅ እሱም ጓዙን ጠቅልሎ መጣ። ሲመጣ እንግዳው እሱ ሆኖ አረፈው! ልጁ “አባ፣ ሼሁን አንተ አትበላቸው፣ አንቱ ነው የሚባለው” ብሎ ሲያርመው ሰምቼ ጓዳ ገብቼ ሳቅሁ። ትንሽም አለቀስኩ።

በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ደረሰብን። የህወሓት ኃይሎች ወልድያንና መርሳን ይዘው እስከ ታኅሣሥ 2014 ቆዩ። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ የለም። ስለዚያ ጊዜ ሌላ ቀን ይጻፋል፤ አሁን የማነሳው አንድ ነገር ብቻ ነው። ገጠር ዘመድ ቤት ተጠግተን ሳለ ምንጩ የት እንዳለ፣ የትኛው ቅጠል ለጎመን እንደሚሆን፣ ማሽላ በወፍጮ ድንጋይ እንዴት እንደሚፈጭ የሚያውቁት ልጆቼ ነበሩ። ያቺ ስፖንጅ ብላ እንጀራ የገፋች ልጅ ለ11 ሰው ቂጣ ትጋግር ነበር።

ዘንድሮ ሴቷ 16፣ ወንዱ 19 ሞልቷቸዋል። የሴቷ ሐሳብ ነርስነት ነው። የወንዱን ልደብቃችሁ አልችልም። እኩዮቹ በጅቡቲ በኩል እየወጡ ነው፤ ባሕሩን አቋርጠው በየመን አድርገው። እሱም “እኔ የተወለድኩበት አገር እኮ ነው፣ ቋንቋውን አውቃለሁ” ይለኛል። አያውቀውም፤ የቀረው ጥቂት ቃል ነው። ያቺን 7 ዓመት ሙሉ ከኤሲው ክፍል ያልወጣበትን ጅዳ ነው የሚያስበው። እኔ አልጮህበትም፣ አባቱም አይቆጣውም። ማታ ማታ እኔ ስንት በር አንኳኩቼ እንዳጸዳሁ፣ አባቱ ስንት ሌሊት ከፍተሻ ጣሪያ ላይ እንደተደበቀ በስም በቦታው እንነግረዋለን። ያን ጊዜ ለልጅ የማይነገር ብለን የሸሸግነውን ሁሉ። እስካሁን አልሄደም። አባቱ መርሳ ላይ የከፈታት የሞባይል ጥገና ቤት ውስጥ አብሮ ይውላል፣ እጁ ጥሩ ነው።

ከመጋቢት 2014 ወዲህ ከሳዑዲ በአውሮፕላን የመመለሱ ነገር እንደገና ስለተጀመረ ልጆች ይዛችሁ ለምትመጡ እናቶች ጥቂት ነገር ልበልና ላብቃ። የሆስፒታሉን የወሊድ ወረቀት፣ ያን ተብሊግ የሚሉትን፣ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ደረታችሁ ላይ ያዙት፤ እዚህ የልደት ማስረጃ ለማውጣትም ትምህርት ቤት ለማስመዝገብም ይጠየቃል። የክትባት ካርዱንም እንዲሁ፤ ያለዚያ ከሀ መጀመር ነው። ሁለቱንም በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ለዘመድ ላኩ። ወደ ቆላ የምትገቡ ከሆነ ከመስከረም በፊት አጎበር ከጤና ኤክስቴንሽኗ ጠይቁ፣ ኦ.አር.ኤስ. ሁለት ሦስት ከረጢት ቤት ይኑር፤ አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው የሚበጠበጠው፣ በብርጭቆ አይደለም። ውሃውን አፍሉ ወይም ውሃ አጋር ጨምሩበት። የልጁን አሥር ቃላት ለአያቱ አስጠኑ።

ያን ሁሉም ሰው ለስጦታ ተሸክሞ የሚመጣውን ባለ አበባ ወፍራም ብርድ ልብስ ግን ለመርሳ አታምጡ፤ የእኔው እስካሁን ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ወልድያ ዘመድ ካላችሁ ለእነሱ ስጧቸው፣ እነሱ ይበርዳቸዋል።